ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ፣ አሰልጣኝ፣ እንዲሁም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ነበሩ።

የልጅነትና የተጫዋችነት ዘመን

የተወለዱት ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስመ ጥር ገጣሚና ዘፋኝ ሲሆኑ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ይድነቃቸው አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። በወረራው ዓመታት ኳስም እንደ መኖሪያ ሰፈሩ በዘር ተከፍሎ ሐበሻው ለብቻው እንዲጫወት ተደረገ። ይድነቃቸው በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የገቡበት ሙግት ከዚህ ልምድ ተነጥሎ አይታይም።

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ የጣሊያኖች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ከጊዮርጊስ ጋር ይጋጠሙ ነበር። ይድነቃቸው ለክለባቸው ከ300 በላይ ግብ እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ገና እየተጫወቱ ሳሉ በ1935 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ የጨዋታውን ሕግም ወደ አማርኛ መለሱ። ያ ትውልድ ሜዳ ላይ ይጫወታል፣ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሕግም ይተረጉማል።

ካርቱምና የ1954ቱ ዋንጫ

በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ላይ ካፍን መሠረቱ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ካልሆነ አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ዳግም ለፍጻሜ ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላነሣችም።

በፊፋ ውስጥ

ለ1958ቱ (እ.ኤ.አ. 1966) የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺያኒያ ለሦስቱም አንድ ቦታ ብቻ ተሰጣቸው። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። በተጫዋቾቹ በኩል ከታየ ዋጋው ከባድ ነበር፤ በዘመኑ ጠንካራ የነበረው የጋና ቡድን የዓለም ዋንጫን ሳያይ ቀረ። ሆኖም ለቀጣዩ ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ተሰለፈች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ወደ ሁለት አድጎ አልጄሪያና ካሜሩን ስፔን ሄዱ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፈች፣ ካሜሩንም ሦስቱንም ጨዋታ ሳትሸነፍ ወጣች።

የደቡብ አፍሪካው ጉዳይ ግን ረዥም ነበር። ፊፋ አገሪቱን በ1954 ዓ.ም. አገደ፤ ፕሬዚዳንቱ ስታንሊ ሩስ እዚያ ደርሰው ከተመለሱ በኋላ እገዳው ተነሣ፤ በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ጉባኤ እንደገና ታገደች። በ1966 ዓ.ም. ሩስ በብራዚላዊው ጆአዎ አቬላንጅ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ከወሳኞቹ አንዱ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ጨርሳ የተባረረችው በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ነው።

ይድነቃቸው ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። የአፍሪካ ወጣት ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች የሚሞሉት በውጭ በሚጫወቱ ልጆች በመሆኑ፣ ከአቋሞቻቸው ሁሉ በጊዜ የተሸነፈው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በካንሰር ታመው አዲስ አበባ ውስጥ በ65 ዓመታቸው ያረፉት በደብረ ታቦር በዓል፣ በቡሄ ዕለት ነው። የደቡብ አፍሪካ እገዳ ሲነሣ አላዩም፤ አገሪቱ ወደ ካፍና ወደ ፊፋ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር።