እቴጌ መነንና የልጃገረዶች ተማሪ ቤት

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራና ለነዳያን ግብር ያበላ ባለጸጋ ሞልቷል፤ ስሙም በየደብሩ ሲነሣ ይኖራል። ለሴት ልጅ ትምህርት ብሎ ከገንዘቡ ያወጣ ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹም መካከል ቀድመው የሚነሡት እቴጌ መነን አስፋው ናቸው።

እቴጌ መነን በ1883 ዓ.ም. በወሎ፣ በአምባሰል፣ ከጃንጥራር አስፋውና ከወይዘሮ ስኂን ተወለዱ። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩና፣ በዚያ ዘመን በመኳንንት ልጅ የሚደርሰው ሁሉ በመነንም ደረሰ፤ ገና በለጋነታቸው በወላጅ ፈቃድ ተዳሩ፣ ወለዱም፣ ደግሞ ለሌላ ተዳሩ። ጋብቻ የሁለት ታላላቅ ቤቶች ውል ነበርና የልጅቱን ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ተጋቡ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘውድ ጫኑ።

ዘውድ በጫኑ በዓመቱ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931፣ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ተማሪ ቤት ከፈቱ፤ ወጪውንም ከግል ገንዘባቸው ሰጡ። ተማሪ ቤቱ ተመላላሽም አዳሪም ይቀበል ነበር። አዳሪ ማኖሩ ቀላል ነገር አይምሰል። በዚያን ጊዜ ከቦንጋ ወይም ከሺሺንዳ የተነሣ መንገደኛ የካፋን ጫካ አልፎ፣ ጎጀብን ተሻግሮ፣ በጅማ በኩል አዲስ አበባ እስኪደርስ በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅበት ነበር። ማደሪያ ከሌለው ተማሪ ቤት ለባላገር ልጅ ምን ይጠቅማታል? እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ፤ የድኃይቱ ልጅ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ቢሆንም በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው፤ እቴጌይቱም ተማሪ ቤቱን እየደጋገሙ ይጎበኙት ነበር።

የኢጣልያ ጦር ሊመጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እቴጌ መነን በራዲዮ ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ተናገሩ፤ ሰሚ ግን አልተገኘም። በስደት ሳሉ በቤተ ልሔም፣ በልደት ቤተ ክርስቲያን፣ አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ሊሰጡ ተሳሉ። ነጻነቱ በ1933 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ ስለታቸውን ፈጸሙ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ዘውድ የመሰለ ሙሉ ዘውድ በራሳቸው ላይ አልጫኑም። ለሰው ከገንዘብ መስጠት ቀላል ነው፤ የሥልጣንን ምልክት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

በጠላት ዘመን ተዘግቶ የቆየው ተማሪ ቤትም ከነጻነት በኋላ እንደገና ተከፈተ። ቀድሞ በውጭ አገር ሰዎች ይመራ የነበረው ይህ ቤት፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘው የነበሩትን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር አድርጎ አገኘ። ወይዘሮ ስንዱ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት ናቸው።

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። በደርግ ዘመን ስማቸው ከተማሪ ቤቱ ተነሥቶ የካቲት 12 ተባለ፤ በዕድሜ የገፉት የቀድሞ ተማሪዎች ግን የተማሩበትን ቤት ሲጠሩ መነን ማለትን አልተዉም።