ዝናብ፣ ባሕር ዛፍና ዳግማዊ ምኒልክ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በትምህርት ቤት ሲነገረን አብዛኛውን ጊዜ የጦር ሜዳ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሲባል ዓድዋ፣ ዓድዋ ሲባል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወዲያው ይታወሰናል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን እኚህ ንጉሥ ከጣልያን ጦር ጋራ ከታገሉት እጅግ የረዘመ ሌላ ትግል ነበራቸው፤ እርሱም ከዝናብ መጥፋት፣ ከእንጨት ማለቅና ከውሃ ማነስ ጋራ ነበር። ይህን ትግል ዛሬ ለማንሣት የተነሣሁት ገና ስላልተፈጸመ ነው። በሐምሌ ጧት ከነፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ የሚሻገር ሰው ከጉሙ በታች ተጋድሞ የሚያየው ጢስ የዚያ ታሪክ ተከታይ ምዕራፍ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ የኃይለ መለኮት ልጅ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱ ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙና ልጁን ወደ ሰሜን ወሰዱአቸው። ምኒልክ አሥር ዓመት ያህል በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ካደጉ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ፤ የሸዋንም መንግሥት ያዙ።

በዚያን ዘመን የንጉሥ ከተማ ማለት ተንቀሳቃሽ ነገር ነበር። ንጉሡ በሰፈሩበት መኳንንቱ፣ ወታደሩና አገልጋዩ ይሰፍራሉ፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ የሚጋገረውና ወጥ የሚሠራው በእንጨት ነው። ዙሪያው ያለው ዛፍ ተቈርጦ ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ምኒልክም ከአንኮበር ተነሥተው በልቼና በሌሎችም ስፍራዎች ከቈዩ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። እንጦጦ ለጦር ጥበቃ ይመች ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ የጸና፣ ነፋሱ የበረታ ስለ ነበር ማገዶ እንደ ልብ ይፈጅ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር፣ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩና አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ከተማዋን ከተራራ ወደ ሜዳ ያወረዳት እንግዲህ ውሃ ነው።

አዲስ አበባ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ክፉ ቀን መጣ። በ1880 ዓ.ም. ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ያስገቡት ከብት ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ይዞ ገባ። በሽታው ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዛመተ፤ ከአገሪቱ ከብት ከመቶው ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ቀረ። የዛሬ ሊቃውንት ይህን ድርቅ ኤል ኒኞ ከሚባለው፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ከሚነሣው የሙቀት ለውጥ ጋራ ያያይዙታል። ድርቁን አንበጣና ተምች ተከተሉት። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመለስለትም ምን ያደርገዋል? ያልታረሰና ያልተዘራ መሬት የጣለለትን ዝናብ ለእህል ሳይሆን ለአረም ያጠጣዋል። ስለዚህ ረኃቡ ከድርቁ ዓመት አልፎ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቈየ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህ ረኃብ መካከል ነው። ጐተራቸውን ከፍተው ለተራበው አከፋፈሉ። ሕዝቡ በሬ አጥቶ ሲቀመጥ ባዩ ጊዜ መቈፈሪያ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቈፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲከተሉአቸው አደረጉ። በእጅ መቈፈር ለመኳንንት እንደ ውርደት በሚቈጠርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ታሪክን ስንጽፍ አንዱን ጐን ብቻ ማሳየት አይገባንም። በዚያን ዘመን ወታደሩ በገበሬው ቤት እየሰፈረ ከገበሬው ጐተራ ይበላ ነበር። ከድርቅ የተረፈውን እህል የጨረሰው አንዱ ነገር ይህ ልማድ ነው። ንጉሡም ይህን ሳይረዱት አልቀሩም፤ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ገበሬው አሥራት እንዲከፍል፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ ሥርዓት አወጡ።

ረኃቡ ሲያልፍ ሁለተኛው ችግር ቀረበ። የአዲስ አበባ ሕዝብ በዛ፤ ዙሪያዋ ግን ተራቈተ። ማገዶ ለማግኘት የአንድ ቀን መንገድ መሄድ ግድ ሆነ። ከተማዋ እንደ ቀድሞዎቹ ልትነሣ ተቃረበች፤ ንጉሡም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባን ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣ አንድ ዛፍ ነው። ዘሩ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ማን እንዳስገባው ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ እንዲተከል ያበረታቱት ግን ምኒልክ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቈርጡት ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይነካውም። የአዲስ ዓለም አሳብ ተተወ፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች።

ነገር ግን ባሕር ዛፍ ሒሳቡን ሳያስከፍል የሚቀር ዛፍ አይደለም። ጤፍ በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱን ውሃ አይጠይቀውም። ባሕር ዛፍ ግን በጋ ክረምት ቅጠሉን አያራግፍም፤ ሥሩም ርቆ ይሄዳል። ሰብሉ ከታጨደ በኋላ ሳይቀር ከአፈሩ ውሃ እየሳበ በቅጠሉ ወደ አየር ይተነፍሰዋል። በባሕር ዛፍ ረድፍ አጠገብ የተዘራ እህል የሚቀጭጨው ስለዚህ መሆኑን ማንኛውም ገበሬ ያውቃል። ምንጮችም መድረቅ ጀመሩ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ከሦስት ሁለቱ እጅ እንዲነቀልና በምትኩ የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። የፈጸመው ግን አልነበረም። ማገዶውንም ገንዘቡንም ከባሕር ዛፍ የሚያገኝ ሕዝብ እንዴት ብሎ ይነቅለዋል?

ይህ ትእዛዝ ሲወጣ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ። ከዚያ ቀደም በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተፈራረሙት ውል ላይ የዓባይ፣ የጣናና የሶባት ውሃ ጉዳይ ገብቶ ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም ለእርሻ አንድ ሚኒስትር አቁመዋል። ዝናብ፣ ወንዝና እርሻ ለመንግሥት ትልቅ ሥራ መሆናቸውን ተረድተዋል ማለት ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እርሳቸው አልፈው ዛፉ ቀረ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። በአዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል፤ ይህም በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,200 ሊትር ውሃ ማለት ነው። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ታዲያ ሰማዩን በዝናብ በሚያጥብበት በዚህ ወራት የከተማው አየር ንጹሕ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በመሣሪያ የተለካው ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ በዓይን የማይታየውና ሳንባ ውስጥ የሚገባው ደቂቅ ብናኝ በአዲስ አበባ በክረምት ይበረታል። ብርድ ሲጸና ቤተሰብ ሁሉ እንጨትና ከሰል ያነዳል፤ ነፋሱ ደካማ ስለሚሆን ጢሱ ሳይበተን በከተማው ላይ ይተኛል። የመኪናው ጢስም ይጨመርበታል።

የጢስ ጉዳት በሳንባ ብቻ አያበቃም። ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ይጋርዳል፤ ብርሃን ሲቀንስ ትነት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ሰብል የሚጠጣው ውሃ ያንሳል፤ ነገር ግን ትነት የዝናብ እናት ናትና ዝናቡም አብሮ ሊያንስ ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የድኝ ጢስ የሰሜኑን ባሕርና ምድር አቀዝቅዞ የዝናቡን መቀነት ወደ ደቡብ እንደ ገፋው ሊቃውንት ያስረዳሉ። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮችን ለመታው ረጅም ድርቅ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል። በ1965ና በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ብዙ ሕዝብ የጨረሰው ረኃብ የደረሰው በዚያ በደረቀው ዘመን ውስጥ ነው። በምኒልክ ዘመን የከብቱ በሽታ ከባሕር ማዶ መጣ፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ የሩቅ አገር ጢስ ዝናባችንን ነክቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ክፍለ ከተማችን ስሙን ያገኘው ከሁለት ነገሮች ነው። ነፋስ ስልክ የሚለው ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መልእክት ያስታውሳል፤ ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። አንዱ ሥልጣኔ፣ አንዱ ዛፍ። ግራሩ ዛሬ ከስሙ በቀር እምብዛም አይታይም። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በትንሹ አቃቂ ዳር ጐመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ማሳቸውን የሚያጠጡት የከተማው ቈሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ በገባበት ውሃ ነው፤ ያንኑ ጐመን እኛው እንበላዋለን።

የምኒልክ ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስተምረን ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው፣ ችግር ሲመጣ መቈፈሪያ መጨበጥ ነው፤ ማዕረግ ከሥራ አያግድም። ሁለተኛው፣ ለአንድ ችግር የተገኘ መድኃኒት የሌላ ችግር ዘር ሊሆን መቻሉ ነው። ባሕር ዛፍ ከተማዋን አዳናት፤ ምንጯን ግን ጠጣ፤ ጢሱም በልጅ ልጆቿ ሳንባ ገባ። ምኒልክ ባሕር ዛፍን በማስተከላቸው ልንወቅሳቸው አይገባም፤ እርሳቸው ለዘመናቸው ችግር መልስ ሰጥተዋል። ወቀሳው የሚገባው እኛ የዘመናችንን ሒሳብ ሳንቈጥር ከቀረን ነው። የአየሩን ብናኝ፣ የወንዙን ውሃ፣ የሰብሉን ጥም ለክቶ መመዝገብ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ሥራ ነው፤ የተለካውን ሕዝቡ በሚረዳው ቋንቋ መንገር ደግሞ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዕዳ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን መቈፈሪያችንን እናንሣ።