ጄምስ ብሩስ

ጄምስ ብሩስ (1730–1794 እ.ኤ.አ.) በጎንደር ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘ ስኮትላንዳዊ ተጓዥና ጸሐፊ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጎንደር

ብሩስ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ካገለገለ በኋላ የአባይን ምንጭ ለማየት ተነሣ፤ ለዚህም ግዕዝና አማርኛ አስቀድሞ ተምሮ ነበር። በሴፕቴምበር 1769 ከጣልያናዊው ሰዓሊ ከሉዊጂ ባሉጋኒ ጋር ምጽዋ ደረሰ። የመጀመሪያ ስሜቱ መልካም አልነበረም። የምጽዋው ናይብ ሁለት ወር ያህል አጉላላው። በአክሱም አጠገብም ወታደሮች በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው፣ ቁስሉን መልሰው ሸፍነው ሲነዷት እንዳየ ጽፏል።

በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር በቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙትን ልጆች አከመ፤ በዚህም የእቴጌ ምንትዋብንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ። የአስቴር ባል ራስ ሚካኤል ስሑልም አቀረቡት። እቴጌይቱን ግን የመጣበት ጉዳይ ግራ አጋባቸው። ብሩስ እንደሚተርከው፣ እሳቸው ኢየሩሳሌም ሄደው ለመሞት ሲመኙ፣ እርሱ ከዚያ ወገን መጥቶ ተሸክሞት የማይሄደውን ወንዝና ረግረግ መፈለጉ አስገርሟቸዋል።

ጢስ አባይና ግሽ አባይ

በሜይ 1770 የራስ ሚካኤልን ዘመቻ ተከትሎ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ዛሬ ዋና ከተማው አንበሳሜ በሆነው በደራ በኩል ወርዶ ጢስ አባይን አየ። ፏፏቴውን ወደ 40 ጫማ ገመተው፤ ቁመቱ ግን 40 ሜትር ያልፋል። ከእርሱ በፊት የመጣውን ጀሮኒሞ ሎቦን ሐሰተኛ ማለቱም ከዚህ ስህተት ጋር ሲታይ ፍትሐዊ አይመስልም።

ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ አባይ ደረሰ። ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ትካዜ ያዘው። በስኮትላንድ ከአንድ ተራራ የሚፈልቁት ሦስት ወንዞች በውበት ከአባይ እንደማያንሱ ያሰበው እዚያው ምንጩ ላይ ቆሞ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያ መድረሱን ግን አልቀበልም አለ።

ጎንደር ሲመለስ የእርስ በርስ ጦርነት ጠበቀው። ራስ ሚካኤል ጠላቶቻቸውን በአደባባይ ሲያስገድሉና ሬሳውን ጅብ ሲበላው ማየቱ ከአገሩ ለመውጣት አስቸኮለው። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ሞተ። በዚያው ዓመት ሚካኤል በሰርባኩሳ ጦርነት ድል ሆኑ፤ ብሩስም በዲሴምበር በስናር በኩል ወጣ።

መጽሐፉ

በ1774 ለንደን ሲገባ በጉጉት ተቀበሉት፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ይሳለቁበት ጀመር። በተለይ የላሟን ታሪክ የሚያምን ጠፋ። የሎቦን መጽሐፍ የተረጎመው ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ብሩስ ኢትዮጵያ መሄዱን ተጠራጠረ። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ርስቱ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ መጽሐፉንም በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነበር። ከጉዞው ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ ስለመጣ ቀኖቹ ይምታታሉ። ባሉጋኒ ወደ ግሽ ሳይሄድ የሞተ ያስመስላል፤ የሰዓሊው ማስታወሻ ግን እስከ ምንጩ አብረው እንደሄዱ ያሳያል።

ብሩስ በ1794 አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። በ1805 አሌክሳንደር መሪ የጉዞ ማስታወሻዎቹን መርምሮ መጽሐፉን እንደገና አሳተመ። በ1821 ደግሞ ብሩስ ካመጣቸው የመጽሐፈ ሄኖክ የብራና ቅጂዎች አንዱ በሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።