ዮሐንስ ዌስሊ ታምሞ ሳለ

ወንጌልን ለመስበክ በፈረስ ተቀምጦ የእንግሊዝን አገር የዞረው ዮሐንስ ዌስሊ ድሆችን ያክም እንደ ነበረ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በፈረንጆች ቁጥር በ1746 በሎንዶን ለድሆች መድኃኒት ያድል ጀመር፤ በ1747ም ለሐኪም የሚከፍሉት ለሌላቸው የመድኃኒት መጽሐፍ አሳተመ።

በ1753 በኅዳር ወር ግን እርሱ ራሱ ታመመ። ሳል፥ ትኩሳትና የግራ ደረት ውጋት ጸናበት። እሑድ ጧትና ከቀትር በኋላ ስለ ድሆች ርዳታ እንዲሰብክ በጋዜጣ ተነግሮ ነበርና ጧት ሰበከ። ከቀትር በኋላ ወዳጆቹን ቢያማክር፥ አንድ ጊዜ ተነግሯልና ስበክ አሉት። እኔ እነዚህን ወዳጆች አላመሰግናቸውም። ድምፁን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ትኩሳቱም እጅግ በረታ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ዮሐንስ ፎዘርጊል በከተማ አንድ ቀን እንኳ እንዳይውል ነገረው፤ የገጠር አየርን፥ ዕረፍትን፥ የአህያ ወተትንና በየቀኑ በፈረስ መሄድን አዘዘለት። ሐኪምን መታዘዝ እምነትን ማጉደል የሚመስላቸው ወንድሞች ዛሬም አሉ፤ ዌስሊ ግን በዚያው ቀን፥ በፈረስ መቀመጥ ቢሳነው፥ በሠረገላ ሆኖ ወደ ሉዊሻም ሄደ።

በዚያችም ማታ በመቃብሩ ድንጋይ የሚቀረጸውን ቃል በእጁ ጻፈ፤ ይኸውም ከሞቱ በኋላ ሰዎች በከንቱ ውዳሴ እንዳያነሡት ነው። በ51ኛው ዓመቱ በሳንባ ሕመም እንደ ሞተ፥ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ አሥር ፓውንድ እንኳ እንዳልተረፈው፥ የማይጠቅም ባሪያ ሆኖ ምሕረትን እንደሚለምን አመለከተ። በ1709 ሕፃን ሳለ የአባቱ ቤት ሲቃጠል በመስኮት ወጥቶ ድኖ ነበርና፥ ራሱን ከእሳት የወጣ ትንታግ አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ የተፈጨ ድኝ ከእንቁላል ነጭ ጋራ አስለውሶ፥ በወረቀት ላይ አስቀብቶ በጎኑ ለጠፈው። ውጋቱ ወዲያው እንደ ተወውም ጽፏል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይህን አትሞክር፤ ድኝ ሳንባን አያድንም። በዚያ ዘመን የሳንባ ነቀርሳን ከሌላ ሳል በእርግጥ የሚለይ ምርመራ አልነበረም፤ ሮበርት ኮክ የበሽታውን ተሕዋስ ያገኘው በ1882 ነው። ዛሬ አክታ ተመርምሮ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ለብዙ ወራት ሲወሰድ ይፈውሳል።

በጥር 1754 ዌስሊ በብሪስቶል አጠገብ ወዳለው ፍል ውኃ ሄደ። መስበክም መጓዝም አይችልም፤ ማንበብና መጻፍ ግን ይችላል። ስለዚህ በጤናው ዘመን ጊዜ ያጣለትን የሐዲስ ኪዳን ማብራሪያ በዚያ ጀመረ፤ መጽሐፉም በ1755 ታተመ። በመጋቢት፥ ከአራት ወር ዝምታ በኋላ፥ እንደ ገና ሰበከ።

ሐኪሙ ፎዘርጊል በ1780 ሞተ። ሕመምተኛው ግን እስከ 1791 ቆይቶ በ87 ዓመቱ ዐረፈ።