ዱክ ካሃናሞኩ፦ ከሜዳሊያ ባሻገር የሰው ሕይወት የታደገ ዋናተኛ

3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጣና ሐይቅ ለባሕር ዳር ከተማና በዳርቻው ለሚኖረው ሕዝብ የመተዳደሪያ ምንጭ፣ የመጓጓዣ መስመርና የታሪክ ማኅደር ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ የሚያሰግሩ፣ ማገዶ ጭነው ወደ ገበያ የሚቀዝፉ፣ የዘጌንና የደሴቶቹን ገዳማት ለመሳለም በጀልባ የሚሻገሩ ወገኖች ኑሯቸው ከውሃው ጋር የተሳሰረ ነው። ይሁን እንጂ ከውሃ ጋር መኖርና በውሃ ላይ ራስንም ሌላውንም ማዳን መቻል የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሁለቱን አጣምረው ከኖሩ ስፖርተኞች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው የሃዋይ ተወላጁ ዱክ ካሃናሞኩ ነው።

ካሃናሞኩ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 1890 በሆኖሉሉ ተወለደ። በወቅቱ ሃዋይ በራሷ ነገሥታት የምትተዳደር አገር ነበረች፤ ወደ አሜሪካ የተጠቃለለችው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ያደገው በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ መዋኘትንና በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብን የተማረው እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ከውቅያኖሱ ነበር።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ስሙ የተነሣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1911 በሆኖሉሉ ወደብ በተካሄደ ውድድር ነው። 100 ያርድ ርቀትን በ55.4 ሰከንድ በመዋኘት ከነባሩ ክብረ ወሰን ከ4 ሰከንድ በላይ አሻሻለ። የአሜሪካ አማተር ስፖርት ኃላፊዎች ግን ሰዓቱን ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም። የሰዓት መያዣው ትክክለኛ አይደለም፣ አልያም የባሕር ሞገድ ረድቶታል የሚል ጥርጣሬ አቀረቡ። ዋናተኛው ምላሹን የሰጠው በሙግት ሳይሆን ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ተሻግሮ፣ ለቡድኑ የሚመረጡትን በገንዳ ውስጥ በማሸነፍ ነበር።

ፍሪስታይል በሚባለው የነፃ ዋና ውድድር ተወዳዳሪው የፈለገውን ስልት እንዲጠቀም ይፈቀድለታል። በተግባር ግን ሁሉም ፈጣኑን፣ ክንድን እያፈራረቁ ወደ ፊት በመቅዘፍ የሚዋኝበትን ስልት ይመርጣሉ። ካሃናሞኩ በዚህ ስልት ላይ እግሮቹን በፈጣን ምት እያፈራረቀ ውሃውን የሚመታበት አረጋገጥ ለስኬቱ ዋና ምክንያት እንደነበር ባለሙያዎች ይስማማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ዋና የወርቅ ሜዳሊያ፣ በ4 በ200 ሜትር ዱላ ቅብብል ደግሞ የብር ሜዳሊያ አገኘ። የ1916ቱ ኦሊምፒክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በመሰረዙ ምርጥ የውድድር ዓመታቱ አመለጡት። ይህም ሆኖ ልምምዱን ሳያቋርጥ በ1920 አንትወርፕ ላይ በ30 ዓመቱ በሁለቱም ውድድሮች ወርቅ ተሸለመ። በ1924 በፓሪስ በ100 ሜትር ወርቁን ለወጣቱ ጆኒ ዋይዝሙለር አስረክቦ ሁለተኛ ሲወጣ፣ ታናሽ ወንድሙ ሳሙኤል ካሃናሞኩ ሦስተኛ ሆኗል። በሦስት ኦሊምፒኮች በድምሩ 3 ወርቅና 2 ብር ማግኘቱ ነው።

ዝናው ግን እንጀራ አልሆነለትም። የዘመኑ የአማተር ስፖርት ደንብ ስፖርተኛው በውድድሩ ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል ስለነበር፣ በነዳጅ ማደያ ሥራና በሆሊውድ ፊልሞች በሚሰጡት አነስተኛ ሚናዎች ኑሮውን ደጎመ። በቆዳው ቀለም ምክንያት በአሜሪካ ምድር መድልዎ እንደደረሰበትም ይታወቃል።

የሕይወቱ ትልቁ ፈተና የመጣው ሰዓት ያዢም ዳኛም በሌለበት ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1925 በካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች አቅራቢያ፣ ቴልማ የተባለችና 29 ሰዎችን የጫነች ጀልባ በከባድ ማዕበል ተገለበጠች። በስፍራው የነበረው ካሃናሞኩ የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳውን ይዞ ወደ ውሃው ገባ። ደጋግሞ በመመላለስም 8 ሰዎችን ወደ ዳርቻ አወጣ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል 17ቱ ሲሞቱ የተረፉት 12 ነበሩ። ከዚህ አደጋ በኋላ የባሕር ዳርቻ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሰሌዳን እንደ መደበኛ መሣሪያ መጠቀም እየተለመደ መጥቷል።

ካሃናሞኩ ከውድድር ከራቀ በኋላ ወደ ሕዝብ አገልግሎት ፊቱን አዞረ። ከ1930ዎቹ አንሥቶ እስከ 1961 ድረስ በተደጋጋሚ በሕዝብ እየተመረጠ የሆኖሉሉ ሸሪፍ ሆኖ ሠርቷል። ከዚያም ከተማዋን የሚጎበኙ የክብር እንግዶችን በይፋ የመቀበል ኃላፊነት ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1968 በ77 ዓመቱ ሲያርፍ፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ባደገበት በዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። በ1990 በዚያው ዳርቻ ሐውልት ቆሞለታል።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ የምትታወቀው በሩጫ ነው። በዋና ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደንና በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በነፃ ዋና ተወዳዳሪዎችን ብታሰልፍም፣ ዋናተኞቿ ከማጣሪያው ማለፍ አልቻሉም። ስፖርቱ ገንዳ፣ አሠልጣኝና ከልጅነት የሚጀምር ተከታታይ ሥልጠና ስለሚጠይቅ ውጤቱ በአጭር ጊዜ የሚጠበቅ አይደለም።

የካሃናሞኩ ታሪክ ግን ለጣና ዳርቻ ከሜዳሊያ የቀረበ ቁም ነገር አለው። በ1925 በኒውፖርት ቢች በሕይወት የተረፉት ሰዎች የተረፉት፣ መዋኘት የሚችልና ለማዳን የሚያገለግል ዕቃ በእጁ የነበረው ሰው በአቅራቢያው በመገኘቱ ነው። በሐይቁ ላይ ሰው በሚያመላልሱ ጀልባዎች ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚበቃ ተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩን መቆጣጠር፣ ጀልባ ከአቅሙ በላይ እንዳይጭን መከላከልና የዳርቻው ልጆች ደኅንነቱ በተጠበቀ ስፍራ መዋኘት እንዲማሩ ማድረግ የኦሊምፒክ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየደረጃው ያለ ኃላፊ ጉዳዩን አደጋ ከመድረሱ በፊት የዕለት ሥራው አካል እንዲያደርገው ነው።