ሂልደጋርድ ፔፕላው እና ስኪዞፍሬንያ ያለበት ወጣት እንክብካቤ

ሂልደጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሬዲንግ ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። ኢትዮጵያውያን የኅዳር በሽታ ብለው የሚያስታውሱት የ1918 ወረርሽኝ ሲገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በትኩሳት ብዛት የሚቃዡ ሰዎችን ያዩት ያን ጊዜ ነው። በ1931 በነርስነት ተመረቁ። ቤኒንግተን ኮሌጅ ሲማሩም ቼስትነት ሎጅ በተባለው የአእምሮ ሆስፒታል ተለማመዱ፤ ከሃሪ ስታክ ሰሊቫንም ትምህርት ቀሰሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አገር አእምሯቸው የታወከ ወታደሮችን አስታመሙ።

በዚያ ዘመን በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች የነርስ ሥራ በአመዛኙ ጥበቃ ነበር፤ በር መቆለፍ፣ ማብላት፣ ማጠብ። ከታካሚው ጋር መነጋገር የሐኪም ድርሻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፔፕላው የተቃወሙት ይህንን ነው። ስኪዞፍሬንያ በብዛት የሚጀምረው ወጣቱ ትምህርቱን፣ ሥራውንና ትዳሩን በሚጀምርበት ዕድሜ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው ከሰው ጋር የመኖርን ልምድ ገና ሳያዳብር ከሰው ይለያል። በእርሳቸው አስተሳሰብ፣ ይህን ልምድ ዳግም የሚለማመደው አብራው ከምትውለው ነርስ ጋር ነው።

ዘዴያቸው ረቂቅ አልነበረም። ታካሚው «እነሱ» እያሳደዱኝ ነው ቢል፣ ነርሷ እነሱ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ትጠይቃለች፤ በዝምታ ብታልፈው የተድበሰበሰውን ንግግር እንዳጸደቀች ይቆጠራል። ድምፅ ይሰማኛል ሲልም አትከራከረውም፤ ሆኖም ድምፁ ለእርሷ ጭምር የሚሰማ አስመስላ አትናገርም። ተማሪዎቻቸው ከታካሚ ጋር የተለዋወጡትን ቃል በቃል ጽፈው ከመምህራቸው ጋር ይመረምሩ ነበር። የሚመረመረው የታካሚው ንግግር ብቻ ሳይሆን የነርሷም ጭምር መሆኑ ሳይከብዳቸው አልቀረም።

ይህን ሐሳብ የያዘው መጽሐፋቸው በ1948 ቢጠናቀቅም፣ ነርስ ያለ ሐኪም ተባባሪ ደራሲ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማሳተሟ እንግዳ ስለሆነ እስከ 1952 ዘገየ። በ1954 በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀመሩ። በዚያው ዓመት ክሎርፕሮማዚን በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። መድኃኒቱ ብዙ ሕሙማንን ከሆስፒታል ቢያስወጣም፣ ወጣቱ ከጎረቤት ወይም ከአሠሪው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማስተማር ግን አልቻለም።

አንድ ድክመት ሊታለፍ አይገባም። ፔፕላው የተማሩበት ትምህርት ቤት የሕመሙን መነሻ በአብዛኛው በእናትና በልጅ ግንኙነት ውስጥ ይፈልግ ነበር፤ የኋላ ጥናት ይህን አልደገፈውም፤ እናቶች ግን ለዓመታት ያለ በደላቸው ተወቅሰዋል። በሌላ በኩል፣ አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚ በምትይዝበት ክፍል ለእንዲህ ያለ ውይይት ጊዜ ከየት እንደሚገኝ ዘዴው በቂ መልስ የለውም። እርሳቸው ራሳቸው ለዓመታት በየመንግሥት ሆስፒታሉ እየተዘዋወሩ ነርሶችን ያሠለጥኑ ስለነበር ችግሩ የተሰወረባቸው አይመስልም።

ከ1970 እስከ 1972 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1974 ከራትገርስ በጡረታ ተሰናበቱ። መጋቢት 1999 በካሊፎርኒያ በ89 ዓመታቸው አረፉ።