ከሐረር ግንብ እስከ ፒተርስቡርግ

ከዐድዋ ድል በኋላ ከኢትዮጵያ ወደ ሩሲያ ከተጓዙት ሰዎች መካከል ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነ አንድ ብላቴና ይገኝ ነበር። ይህ ብላቴና ኋላ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተብለው የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ የበቁት ሰው ናቸው። ስለ ሹመታቸውና ስለ ፖለቲካ ሥራቸው ብዙ ተጽፏል። ሆኖም አንድ ልጅ ቋንቋው ሳይጠና ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ቋንቋ ሲማር ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጣል የሚለው ጥያቄ በሕይወታቸው ውስጥ ከሹመታቸው ያላነሰ ቦታ አለው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። የመጀመሪያው ስደታቸው ወደ ሩሲያ ሳይሆን ወደ ሐረር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሐረር ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. በራስ መኮንን ግዛት ሥር ገብታ ነበር፤ ብላቴናው በእኚህ መስፍን ቤት አደጉ። በዚያ ዘመን በጁገል ግንብ ውስጥ የከተማው ተወላጅ በራሱ ሐረሪኛ ይነጋገራል፤ በአምስቱ በሮች የሚገባው ገበያተኛ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይናገራል፤ በመስጊዱና በነጋዴው ዘንድ ዐረብኛ ይሰማል፤ በወታደሩና በግቢው አማርኛ ይነገራል። የግሪክ፣ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች፣ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያንም ነበሩባት። ከሸዋ ገጠር የመጣ ልጅ ሰው ሁሉ አንድ ቋንቋ እንደማይናገር፣ ሌላውም ቋንቋ ቋንቋ እንደሆነ በዚች ከተማ ገና በልጅነቱ ያያል። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ተማሪ ይህ ቀላል ስንቅ አይደለም።

በ1888 ዓ.ም. ራስ መኮንንን ተከትለው ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከዚያ በኋላ ነው ሩሲያዊው ሊዮንቲየፍ ወደ አገሩ ይዟቸው የሄደው። በፒተርስቡርግ ሞልቻኖቭ የተባለ ኮሎኔል ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ የሚኻይሎቭስካያን የመድፈኛ ትምህርት ቤትም ገቡ። የመድፈኛ ትምህርት ማለት በዚያ ጊዜ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ማለት ነበር፤ ጥይቱ የሚወድቅበትን ስፍራ አስቀድሞ በስሌት ማግኘትን የሚጠይቅ ሙያ ነውና። ይህን ሁሉ የተማሩት በሩሲያኛ ነው። አንድን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተረዳ ሰው ያንኑ ሐሳብ በአፍ መፍቻው መናገር ሲፈልግ ቃል እንደሚጠፋው በውጭ አገር የተማረ መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። የእሳቸው ችግር ግን ከዚህም ይከፋል፤ ቃሉ ከአንደበታቸው የጠፋ ሳይሆን በአማርኛ ገና ያልተፈጠረ ነበር።

ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ አሳዳጊያቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ጥቂት ቆይተውም እንደገና ለእርሻ ትምህርት ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተሻገሩ። ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ አማርኛውን እንዴት አልጣለም?

መልሱን ለመፈለግ ከሌላ ሰው ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ መኮንኖች ሲወስዷቸው የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። ያደጉትም የተማሩትም በሕንድ ነው። ጎልማሳ ሐኪም ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ከዘመዶቻቸው ጋር የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር፤ የዕለት ማስታወሻቸውን ሲጽፉም የኖሩት በእንግሊዝኛ ነው። ተክለ ሐዋርያት ግን ከአገር ሲወጡ ፊደል ቆጥረዋል፤ የግቢውንም አነጋገር ሰምተዋል። ልዩነቱን ያመጣው ከሁሉ በላይ ይህ ይመስላል፤ ንባብ የለየ ልጅ ቋንቋው ቢደበዝዝበት እንኳ የሚመለስበት በር አለው። በር ያልተከፈተለት ሕፃን ግን ሁሉንም እንደ ባዕድ ከሀሁ መጀመር ይኖርበታል። ይህ ሲባል ሐኪም ወርቅነህ በዚያው ቀሩ ማለት አይደለም፤ አማርኛን ከጎለመሱ በኋላ ተምረው ስለ ዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሰዋል። ብዙ ድካም ጠየቃቸው እንጂ። የሚገርመው፣ ሁለቱም በተለያየ ጊዜ ያንኑ የሐረርጌውን ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ ዋና ከተማውን አሰበ ተፈሪንም የዘመናዊ አስተዳደር አርአያ ለማድረግ ደክመዋል።

ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ ያገኙት ነገር በአማርኛ ላይ ፍሬ ማፍራቱ የታየው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል በታየው ቴአትራቸው ነው። የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለው ይህ ሥራ በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት ሲሆን፣ አራዊትን እያናገረ የመንግሥቱን አሠራር ስለ ነቀፈ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ስሙ ፋቡላ ነው። የባዕድ አገር ቃል ነው፤ የሸዋ ሰው ግን ተረት ይለዋል። ደራሲው ባዕዱን ቃል በርዕሱ ትተው ከውስጥ ያለውን በአገር ቤት ቋንቋ ጻፉት።

በ1923 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ የገጠማቸው ሥራ ከቴአትሩ የከበደ ነበር። ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ የተቀዳው ረቂቅ በ55 አንቀጽ ተዘጋጅቶ ሐምሌ 9 ቀን ታወጀ። የባዕድ አገር የሕግ ሐሳብ ለመኳንንቱ በሚገባ አማርኛ መቅረብ ነበረበትና፣ እንዲህ ላለው ሥራ የሁለቱም ወገን ሰው ያስፈልግ ነበር። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ቆሙ። በሦስት ዓመቱ ገደማ ከአገሩ እንደ ወጣው ሕፃን ሆነው ቢሆን ኖሮ በጄኔቫ መናገሩ ባልከበዳቸው፤ ሕጉን በአማርኛ ማርቀቁ ግን እጅግ ይከብዳቸው ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስደት ማዳጋስካር ድረስ ሄደው ብዙ ዓመት ቆዩ። በዚህ መሐል ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ፤ ታሪኩ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ስለ ተማረና በዚያ ልቅር ወይስ ልመለስ ብሎ ስለ ተጨነቀ የገበሬ ልጅ ነው። የአባትዬው ሕይወት በዚህ ድርሰት ውስጥ አለበት የለበትም የሚለውን አንባቢ ይፍረድ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከስደት ተመልሰው በእርሻቸው ላይ ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን በአማርኛ ጽፈው ትተው ነበርና ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ታተመ። በሽፋኑ ላይ ኦቶባዮግራፊ የሚል የውጭ ቃል ተጽፏል፤ ከዚያው ጎን ደግሞ የሕይወቴ ታሪክ የሚል አለ።